ላይኛው ቧንቧ ውሃ ያመጣል?

መምህር ክንዴን የቀበርነው በትውልድ ከተማው በዳባት ነው። እኔ ከደባርቅ በሚኒባስ፣ በአንድ ጆንያ ድንችና በአንዲት ቂመኛ ዶሮ መካከል ተጣብቄ ደረስኩ። የሕይወት ታሪኩን ያነበበው ጎልማሳ ድምፁ መልካም ነው፤ ሰዉን ሁሉ አስለቀሰው። እኔም ወግ ነውና መሀረቤን አወጣሁ። «…ከዚያም በራሳቸው ጥያቄ ወደ በየዳ ተዛውረው ለብዙ ዓመታት አገለገሉ…» የሚለው ሲመጣ ግን መሀረቤን መልሼ ኪሴ ከተትኩት። እንባዬ መንገድ ላይ ደረቀ፤ በምትኩ ደሜ ፈላ።

በራሳቸው ጥያቄ! ክንዴ የደባርቅን ብርድ እንኳ ሲሳደብ የኖረ ሰው ነው። ከካፖርቱ ላይ ጋቢ ደርቦ እያስተማረ፣ «ይቺ ከተማ የተሠራችው ለዋልያ ነው፤ እኛ በስህተት ገብተን ነው» ይል ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ከደባርቅ የባሰ ወደሚቀዘቅዝ፣ መኪና እያማጠ ወደሚደርስበት ደጋ «ላኩኝ» ብሎ ያመለክታል? ያን ውሸት ማን እንደጻፈው አውቃለሁ። ሰውየውን በየማለዳው መስታወት ፊት ቆሜ እላጨዋለሁ። አንዳንድ ቀን ምላጩ ሲቆርጠው «ይበልህ!» እለዋለሁ።

ነገሩ ከሃያ ዓመት በላይ ሆነው። ያኔ ደባርቅ ውስጥ የአንድ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነበርኩ። ሆዴ ቀድሞኝ ቢሮ ይገባል፣ እኔ እከተለዋለሁ። ማኅተሙን ለጸሐፊዋ እንኳ አላምናትም፤ ኪሴ ውስጥ ይዤው ስለምዞር ሱሪዬ ሁሉ ወይን ጠጅ ቀለም ነበረው። ክንዴ የፊዚክስ መምህራችን ነበር፤ ቀጭን፣ ቁጡ፣ ጠመኔውን እንደ ሲጋራ ጆሮው ላይ የሚሰካ። ዳባት ውስጥ የድጓ መምህር ልጅ ሆኖ ስላደገ ሲናደድ ግዕዝ ይቀላቅላል፤ ተማሪው ምን እንደተባለ ባያውቅም መሰደቡን ያውቃል።

የካፖርቱ ኪሶች በካፓሲተር የተሞሉ ነበሩ። ካፓሲተር ያቺ በሬዲዮ ሆድ ውስጥ የምትገኝ፣ የጥይት ቀለህ የምታክል፣ ኤሌክትሪክ አጠራቅማ ይዛ በተጠየቀች ጊዜ የምትሰጥ ዕቃ ናት። የከተማው ሰው የተበላሸ ሬዲዮውን ይዞ ይመጣል፤ ክንዴ ይጠግንለታል፤ የማይጠገነውን ደግሞ ሆዱን ከፍቶ ካፓሲተሮቹን ይወስዳል። አንድ ቀን ቢሮዬ መጥቶ፣ ከፎቶ ቤት ከተጣለ ካሜራ ያወጣትን አንዲት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ።

«ጋሽ ፈንታ፣ እስቲ ይቺን ያዙልኝ።»

ያዝኳት። ወንበሬ ወደ ኋላ ሄደ፣ እኔ ወደ ላይ። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ እጄን ሳራግብ እንዲህ አለኝ፦

«ባዶ ትመስላለች እንጂ ሙሉ ናት። የርስዎ ተቃራኒ።»

በደመወዙ ልቀጣው ፈልጌ ነበር። ጸሐፊዋ በሩ ላይ ቆማ ስትስቅ ሳይ ግን እኔም ሳቄ መጣ። እንደዚያ ነበር ክንዴ፤ እየነደደህ ትስቃለህ።

በየዓመቱ አንድ ትምህርት ነበረው፣ ከሌሎቹ ክፍሎች ሳይቀር ተማሪ በመስኮት የሚያየው። ሁለት እኩያ ካፓሲተሮች ያመጣል። አንዷን ይሞላል፣ ሌላዋ ባዶ ናት። ከዚያ በሽቦ ያገናኛቸዋል። ጧ! ትላለች፣ ሰማያዊ ብልጭታ ትወጣለች፣ የፊት ወንበር ተማሪዎች ይጮኻሉ። ክንዴ ጣቱን እፍ እያለ ይጠይቃል።

«ቻርጁን፣ የተጠራቀመውን ኤሌክትሪክ፣ እኩል ተካፈሉት። ጠብታ አልጎደለም። የያዙት ጉልበት ግን ተደምሮ የበፊቱ ግማሽ ብቻ ነው። ግማሿ የት ገባች?»

መልሱን ካልነገሩት ደወል ቢደወልም አይለቃቸውም። አንዷ «ጮኸች»፣ ሌላው «በራች»፣ ሌላው ሽቦውን ነክቶ «ሞቀች» ይላል። ያኔ ፊቱ ይፈታል። «በሉ እንግዲህ! ወጣች እንጂ አልሞተችም። ከቤት የወጣ ሁሉ ሞተ ይባላል?»

አሁን ወደ ሮቶው ልምጣ፤ መምጣት ባልወድም። ሮቶ ያ ጥቁሩ የፕላስቲክ የውሃ ማጠራቀሚያ ነው። ቢሮዬ አጠገብ የድንጋይ መደብ ላይ አንድ ነበረን። ሁለት ቧንቧ ያጠጣል፦ አንዱ ታች በሩ ጋ፣ ሌላው ላይ ዳገቱ ላይ፣ ከሴቶች ልጆች መጸዳጃ አጠገብ። የላይኛው ቧንቧ አፍ ከሮቶው ወገብ ትንሽ ከፍ ይላል። ሮቶው ሲሞላ ላይኛው ውሃ ያመጣል፤ ከወገቡ በታች ሲወርድ ይደርቃል። የከተማው ውሃ በሳምንት አንዴ፣ እሱም እንደ ጉንፋናም አፍንጫ እየተንጠባጠበ ስለሚመጣ፣ አንዱን ለመሙላት እንኳ ጭንቅ ነበር።

አንድ በጎ አድራጊ ሁለተኛ ሮቶ ሰጠን። እኔም በታላቅ ጥበቤ «ጎን ለጎን አቁማችሁ ከሥር በቧንቧ አገናኙልኝ» አልኩ። በምረቃው ዕለት የመጀመሪያው ሮቶ እስከ አፉ ሙሉ ነበር። ክንዴ ጋቢውን እየጎተተ መጣ።

«ጋሽ ፈንታ፣ ማዞሪያውን አይክፈቱት። አንዱ ይሙላና ትርፉ ከላይ ወደ ሁለተኛው ይፍሰስ። አሁን ከከፈቱት ሁለቱም ግማሽ ይሆናሉ።»

«ቢሆኑስ? ውሃው ያው ውሃ ነው።»

«ውሃው ያው ነው። ከፍታው ግን ይሄዳል።»

«አንተ ፊዚክስህን ክፍልህ ውስጥ አስተምር።»

ሪባን ቆረጥኩ። ማዞሪያውን ከፈትኩ። ውሃው በቧንቧው ውስጥ እያፏጨ ወደ ባዶው ሮቶ ሄደ፤ እኔ ለፉጨቱ አጨበጨብኩ። ከሰዓት በኋላ ላይኛው ቧንቧ ደረቀ። አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም፣ ማንም አልሰረቀም፤ ሁለት ሮቶ ኖሮን ግን ሴቶቹ ልጆች ጀሪካን ተሸክመው ዳገት መውጣት ጀመሩ። በሳምንት የምትመጣዋ ውሃም ለሁለቱ እየተከፈለች ከወገብ በላይ ከፍ ብላ አታውቅም። በዓለም ላይ ውሃ ጨምሮ ጥም ያመጣ ሰው ቢፈለግ ፎቶዬን ልኬ እወዳደር ነበር።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ማዞሪያውን መዝጋት። ክንዴ በየሳምንቱ ይነግረኛል። እኔ ግን ሪባን የቆረጥኩበትን ማዞሪያ በገዛ እጄ ልዝጋ? ሰው ምን ይለኛል? አልዘጋሁም።

በዚያው ዓመት ጎበዝ ተማሪዎችን መርጦ ለአዳሪ ትምህርት ቤት የሚልክ ፈተና ከላይ መጣ። ከእኛ ዘንድ ተስፋ የተጣለባት የሻረግ የምትባል ልጅ ነበረች፤ ከሰሜን ተራሮች፣ ከሳንቃ በር ሥር ካለ መንደር መጥታ ደባርቅ ቤት ተከራይታ የምትማር። አባቷ «ወይ አዳሪ ትምህርት ቤቱ ይውሰድሽ፣ ወይ ወደ ከብቶቹ ተመለሺ» ብለዋታል። ውጤቱ ሲመጣ በአንድ ጥያቄ ወደቀች። በአንድ!

ክንዴ የፈተናውን ወረቀትና የመልሱን ቁልፍ ፈልጎ አገኘ። ጥያቄዋ የራሱ የክንዴ ጥያቄ ነበረች፦ የሞላች ካፓሲተር ከባዶ እኩያዋ ጋር ብትገናኝ ሁለቱ የሚይዙት ጉልበት ስንት ይሆናል? «ኤ፦ አይለወጥም። ቢ፦ ግማሽ ይሆናል።» የክንዴ ተማሪዎች በሙሉ «ቢ» ብለዋል። ቁልፉ «ኤ» ይላል።

ክንዴ አቤቱታ ጻፈ። ለማጣራት አንድ ባለ ክራቫት ኃላፊ ከላይ መጣ። ቢሮዬ ውስጥ አራት ሆነን ተቀመጥን፦ ባለ ክራቫቱ፣ እኔ፣ ክንዴ፣ እና የወላጆች ተወካይ ቄስ አስረስ።

ባለ ክራቫቱ ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈ። «አንድ ክፍል በሙሉ አንድ ዓይነት ስህተት ይሳሳታል? ይህ መኮራረጅ ነው!»

«አልተኮራረጁም» አለ ክንዴ፣ «እኔ ነኝ ያስተማርኳቸው።»

«እንግዲያ የባሰ ነው። ጉልበት አይፈጠርም፣ አይጠፋም። የተፈጥሮን ሕግ የሚጥስ ነገር ነው የምታስተምረው?»

ክንዴ ከኪሱ ሁለቱን ካፓሲተሮች አወጣ። አንዷን ሞላት፣ በቴስተር ለካት፤ ሦስት መቶ ቮልት። አገናኛቸው። ጧ! ባለ ክራቫቱ ወንበሩን ይዞ ወደ ኋላ ሸሸ። እኔ ልምድ ስለነበረኝ ቀድሜ ሸሽቼ ነበር።

«አሁን ስንት ይላል?» አለ ክንዴ።

ባለ ክራቫቱ ቴስተሩን አየ። «መቶ ሃምሳ። የሁለተኛዋም መቶ ሃምሳ። ሲደመር ሦስት መቶ! ታዲያ ምን ጎደለ?»

«ኧረ በማርያም!» ክንዴ ብድግ አለ። «ቮልት ከፍታ ነው፤ ከፍታ ጎን ለጎን አይደመርም! እርስዎና ጋሽ ፈንታ ተቃቅፈው ቢቆሙ ራስዎ ጣሪያ ይነካል?»

ቁመቴን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ እንኳን ጣሪያ መቀርቀሪያም አልደርስ።

«ሽቦህ ቀጭን ስለሆነ ነው» አለ ባለ ክራቫቱ። «ጥሩ ሽቦ ቢሆን ምንም አይባክንም።»

ክንዴ ከሌላው ኪሱ አውራ ጣት የሚያክል የመኪና ባትሪ ሽቦ አወጣ። ሰውየው ይህን እንደሚል አስቀድሞ አውቆ ነበር የመጣው። አንዷን መልሶ ሞላ፣ ሌላዋን ባዶ አድርጎ አገናኛቸው። ጧ! መቶ ሃምሳ። «ሽቦው ቢወፍር በአንድ ጊዜ ትወጣለች፤ ቢቀጥን ቀስ ብላ ትወጣለች። ግማሿ ግን በማንኛውም ሽቦ ትወጣለች። ጥፋቱ የሽቦው አይደለም፤ የሞላ ከባዶ ሲገናኝ የሚከፈል ነው።»

ይህን ጊዜ፣ መቋሚያቸውን አገጫቸው ሥር አድርገው ሲያዳምጡ የቆዩት ቄስ አስረስ ተናገሩ።

«እናንተ ልጆች፣ ይህ እኮ ደጅ የቆመው የሮቶው ነገር ነው።»

«ምን አሉ አባቴ?» አለ ባለ ክራቫቱ።

«ሙሉውን ከባዶው አገናኙት፤ ውሃው አልጎደለም፣ ላይኛው ቧንቧ ግን ደረቀ። ዳገት የመውጣት አቅሙ ነው የሄደው።»

«ወዴት ሄደ?»

«እህ! ሲያፏጭ አልሰማችሁም? በፉጨቱ ነዋ የሄደው። ፈንታ ሲያጨበጭብለት አይቻለሁ።»

ክንዴ ጎንበስ ብሎ የቄሱን ጉልበት ሳመ። ባለ ክራቫቱ ሳቀ። «ቄስ አስረስ፣ ይህ ሳይንስ ነው።»

«ውሃው ግን ይህን አላወቀም፣ ልጄ።»

እዚህ ላይ ነገሩ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት ወረቀት ነበር። አንዱ የክንዴ አቤቱታ ነው፤ የርዕሰ መምህሩ ፊርማ ካረፈበት ወደ ላይ ይሄዳል፣ ቁልፉ ይመረመራል፣ የሻረግም ማርኳን ታገኛለች። ሌላው ባለ ክራቫቱ ይዞት የመጣው ነው፦ ክንዴ «የተሳሳተ ትምህርት ማስተማሬን አምናለሁ» ብሎ ካልፈረመ ወደ በየዳ እንዲዛወር የሚጠይቅ። ክንዴ ለብቻ የተሰጠውን የእምነት ቃል ወረቀት አንብቦ ጨመደደው፣ ኪሱ ካሉት ካፓሲተሮች ጋር ከተተው።

ባለ ክራቫቱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «ጋሽ ፈንታ፣ የሁለተኛውን ሮቶ ሥራዎን ሪፖርቴ ውስጥ አስገብቼዋለሁ። በሞዴል ርዕሰ መምህርነት ይታሰባሉ።»

ገባችሁ? ክንዴ ልክ ከሆነ ሮቶው ስህተት ነው። አቤቱታው ላይ ብፈርም «ላይኛውን ቧንቧ ያደረቅሁት እኔ ነኝ» ብዬ መፈረሜ ነው። የአንዲት ልጅ ዕድሜ በአንድ በኩል፣ የእኔ ሪባን በሌላ በኩል። ክንዴ አየኝ። ቄስ አስረስ አዩኝ። እኔ እስክሪብቶዬን አየሁ።

ዝውውሩ ላይ ፈረምኩ። ማኅተሙንም ከሱሪዬ አውጥቼ መታሁበት። እንዳይከፋው ብዬ ደግሞ፣ ለዚህች ደግነቴ ማን በተፋብኝ፣ «በራሱ ጥያቄ» የምትለዋን ቃል ራሴ ጨመርኩ፤ መዝገቡ ላይ ስሙ እንዳይበላሽበት። ያቺ ቃል ናት ከሃያ ዓመት በኋላ መቃብሩ ላይ በጥሩ ድምፅ የተነበበች።

ክንዴ ይሰድበኛል ብዬ ግዕዙን ሁሉ እየጠበቅሁ ነበር። እሱ ግን በሩ ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ፣ «ማዞሪያውን እንኳ ይዝጉላቸው» አለኝ። ጠመኔው ጆሮው ላይ እንደተሰካ በየዳ ሄደ። የሻረግ ወደ ከብቶቹ ተመለሰች።

ከዚያ በኋላ ክንዴ በዓመት አንዴ ሁለቴ ለስብሰባ ወደ ደባርቅ ይመጣል። ፊቱ በብርዱ ተሰነጣጥቋል፣ ያስለዋል። ስለ ደብዳቤው አንድ ቀን አንስቶብኝ አያውቅም። ገበያ መሀል ይሁን ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ ገና ሲያየኝ ጥያቄው አንድ ነው።

«ጋሽ ፈንታ፣ ላይኛው ቧንቧ ውሃ ያመጣል?»

«ያመጣል፣ ያመጣል» እላለሁ።

እሱ ጀሪካን አዝለው የሚያልፉትን ልጃገረዶች ያያል፣ ከዚያ እኔን ያያል፣ ከዚያ ይሄዳል። እኔ ጡረታ እስክወጣ ማዞሪያው አልተዘጋም። በእኔ ቦታ የተተካችው ርዕሰ መምህርት በመጣች በሳምንቷ ዘጋችው። አንዴ ብቻ አዞረችው። እኔ ስንት ዓመት ሙሉ የከበደኝ፣ በሁለት ጣት የሚዞር ነገር ነበር።

ቀብሩ ካለቀ በኋላ ዳባት ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጬ፣ ንፍሮ በጥርስ አልባ ድዴ እያሸሁ ሳለ፣ የሻረግ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ሁለት ዓመት ከብት ከጠበቀች በኋላ በራሷ ትግል ተመልሳ ተምራ፣ ዛሬ ዳባት ፊዚክስ ታስተምራለች። ክንዴ ከበየዳ ሲመለስ አብረው አስተምረዋል፤ ሲታመምም ያስታመመችው እሷ ናት። ፊቷን ሳይ ተናዘዝኩ።

«የሻረግ፣ ያነበቡት ውሸት ነው። ክንዴ በየዳን አልጠየቀም። እኔ ነኝ የፈረምኩት። ያንቺንም አቤቱታ የቀበርኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ ጋሽ ፈንታ።»

«ማን ነገረሽ?»

«እሳቸው። ‹በፈንታ አትዘኚበት፤ ፈንታ ቀጭን ሽቦ ነው፣ ጥፋቱ ደግሞ የሽቦው አይደለም› አሉኝ።»

ሰው ይቅር ሲባል ልቡ ይቀልለዋል ይላሉ። እኔ ግን ነደድኩ! ከቀብሩም፣ ከባለ ክራቫቱም፣ ከሁሉም ይልቅ ያ ቃል አነደደኝ። ንፍሮውን አስቀምጬ ተነሣሁ።

«ሽቦ አይፈርምም!» አልኳት፤ ድንኳኑ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዞረ። «ሽቦ ኪሱ ውስጥ ማኅተም ይዞ አይዞርም! ያ ሰውዬ ዕድሜውን ሙሉ አንድ ነገር ነው የተሳሳተው፤ እሱም ይህ ነው።»

የሻረግ አላጽናናችኝም፤ እግዜር ይስጣት። ያ ጎልማሳ ያነበበውን ወረቀት ፈልጋ አመጣች፣ ከቦርሳዋ ቀይ እስክሪብቶ አውጥታ ሰጠችኝ።

«እንግዲያው ያርሙት።»

«በራሳቸው ጥያቄ» የሚለውን ሰረዝኩ። ከላዩ «ርዕሰ መምህሩ ፈንታ እውነቱን እያወቀ በፈረመው ደብዳቤ» ብዬ ጻፍኩ። ጽሑፌ የዶሮ ጭረት ይመስላል። እሷ አነበበችው፣ እስክሪብቶውን ተቀበለችኝ፣ ጠርዙ ላይ የሆነ ነገር ጫረች። መነጽሬን አድርጌ አየሁ፦ ግማሽ ማርክ።

«ግማሿስ?» አልኳት።

«ለአርባው ቆመው ሲያነቡት።»

አርባው ዕለት ዳባት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ቆሜ አነበብኩት። ያቺ መስመር ጋ ስደርስ አንገቴን ደፍቼ አንሾካሾክኩና አለፍኳት። ከግንቡ ሥር፣ ዛሬ ጆሯቸው የከበዳቸው ቄስ አስረስ መቋሚያቸውን መሬት ላይ መቱ።

«ፈንታ! እዚህ ድረስ አልደረሰም! ከፍ አድርገው!»

ወደ ኋላ ተመልሼ ከ«ርዕሰ መምህሩ» ጀመርኩ፤ በዚህ ጊዜ ጮኼ።